ይቅር መባሌ ይሻርልኝ

ቀን፦ ሰኔ 4

ለከተማው ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

አመልካች፦ በመዝገቡ ተጠርጣሪ ተብዬ የተጠቀስኩት የፊልም ተዋናይ

ጉዳዩ፦ የግል ተበዳይ ይቅር ስላሉኝ የተዘጋው መዝገብ ተከፍቶ፣ በእኔ ላይ የቀረበው ክስ እንዲቀጥል ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ወደ ጽሕፈት ቤትዎ የሚመጣ ሰው ወይ ሌላውን ለማስከሰስ ወይ ራሱን ከክስ ለማዳን ነው የሚመጣው። እኔ የመጣሁት ራሴን ለማስከሰስ ነው። አሳቤን ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ባስረዳት፣ «ክሱ ይዘጋ ለማለት ፈልገው ይሆናል» ብላ በትሕትና ልታርመኝ ሞክራለች። አልተሳሳትኩም። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና፣ ከመነሻው እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ ዘንድ በአክብሮት እለምናለሁ።

1. በፊልም ሥራ የሚሰጠኝ ቦታ ሁልጊዜ የሌባ ነው። ኪስ አውልቄአለሁ፣ ቁልፍ ሰብሬአለሁ፣ የሙሽራ ሻንጣ ይዤ በመስኮት ዘልያለሁ። ፊቴ ለዚህ የተፈጠረ መሆኑን ያሠሩኝ ዳይሬክተሮች ሁሉ ነግረውኛል፤ እናቴም ብትሆን በሕይወት ሳለች አጥብቃ አልተከራከረችም። በሰፈሬ የምታወቀው «ሞጭላፋው» በሚል ስም ነው። ባለሱቁ ስገባ የከረሜላውን ጠርሙስ ወደ ራሱ ጠጋ ያደርጋል፤ በክፋት አይደለም፣ እጁ ለምዶበት ነው። ይህን የምጠቅሰው ለቅሬታ ሳይሆን፣ በዚያ ዘመን ማንም ምስጢሩን ነግሮኝ እንደማያውቅና በሰላም እተኛ እንደነበር ለማስረዳት ነው።

2. ባለፈው ዓመት አንድ ዳይሬክተር የካቶሊክ ካህን ሆኜ እንድሠራ ጠየቀኝ። ባልደረቦቼ ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሱ ግን ቄስ የሚመስል ቄስ ሰልችቶኛል አለ። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንዲት እናት ከቤት ያባረረችውን ልጇን እየጠበቀች በሞት አልጋ ላይ ተኝታለች። ካህኑ ልጁ መሞቱን ያውቃል። እሷ ደጋግማ «መጣ ወይ?» ትለዋለች። በመጨረሻ «መንገድ ላይ ነው» ይላታል፤ እሷም ፈገግ እንዳለች ታርፋለች። ከዚያ ወዲያ እጁ ለቡራኬ አልነሣ ይለዋል። የቀረው ፊልም በሙሉ፣ ያ ሰው እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ከኅሊናው ጋር ሲሟገት ነው። አንድ ቦታ ላይ ለምእመናኑ «እኔ ቄስ አይደለሁም» ብሎ ይነግራቸዋል። እነሱ ትሕትና መስሏቸው ከበፊቱ ይበልጥ ይወዱታል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ክቡርነትዎ ልብ ቢሉልኝ ደግ ነው፤ ጉድ የሠራችኝ እሷ ናትና።

3. ለዚህ ሥራ ያሠለጠኑኝ የሰፈራችን ቁምስና፣ ማለትም የካቶሊክ ደብሩ፣ ካህን ናቸው። ከዚህ በታች «እውነተኛው አባ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ ሁለታችንንም ሰው «አባ» ማለት ስለጀመረ መለየት አስፈልጓል። እሳቸው እንዴት እንደሚቀመጡ፣ ዓይናቸውን የት እንደሚያሳርፉ፣ ሰው ሲናገር ምን እንደማያደርጉ አሳዩኝ። ከሁሉ አጥብቀው የነገሩኝ ራሴን እንዳልነቀንቅ ነው። ራስ የሚነቀንቅ ሰው ፊት የተቀመጠ ተናጋሪ፣ እውነቱን ትቶ አድማጩን ደስ የሚያሰኘውን መናገር ይጀምራል አሉኝ። ይህን ትምህርት በሚገባ በመያዜ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

4. ፊልሙ ታየ፣ ሰውም አለቀሰ። በአውቶቡስ ውስጥ ሰዎች ተነሥተው ያስቀምጡኝ ጀመር። የመጠጥ ቤቱ አስተናጋጅ ቢራ ባዝዘው «አባ፣ ይቅርብዎ» ብሎ የለስላሳ ጠርሙስ ከፈተልኝ። ባለሱቁ የከረሜላውን ጠርሙስ ባለበት ትቶ፣ ሚዛኑ ትንሽ እንደሚያዘነብል በጆሮዬ ነገረኝ። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ምላጩን አንገቴ ላይ አድርጎ ለሚስቱ ያልነገራትን ነገር ዘረገፈልኝ፤ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኜ «እኔ ተዋናይ ነኝ፣ አይመለከተኝም» ማለት እንዳልተመቸኝ ክቡርነትዎ ይረዱልኛል ብዬ አምናለሁ። ባለቤቴ በጽሕፈት መኪና የምትሠራ ሴት ናት፤ ይህንንም ማመልከቻ የምትተይበው እሷ ናት። «ሌባ ሆነህ ስትሠራ ቤታችን ሰላም ነበር» ትለኛለች። ይህችንም ዓረፍተ ነገር ሳትጨምር ሳትቀንስ ራሷ ተይባታለች።

5. አሁን ወደ ዋናው ነገር እገባለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ ከገመድ ላይ ሳወርድ፣ የሰፈራችን ፀጉር ሠሪ እያለቀሰች መጣች። አባቷ ሆስፒታል ተኝተው ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል። ሰውየው ካቶሊክ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ከረገጡ ግን ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በዚያ ቀን ቄስ ይጠራልኝ አሉ። እውነተኛው አባ ለቀብር ሩቅ አገር ሄደዋል። ሰውየውም የሚሹት እሳቸውን አልነበረም። በሆስፒታሉ ቴሌቪዥን ያዩትን አባ ነበር። «ተዋናይ ነው ብዬ ብነግረው ሊሰማኝ አልቻለም፤ ፊልሙን የሠሩት እውነተኛ ቄስ ይዘው ነው ይላል» አለችኝ። እንቢ አልኩ። «ሂድ እንጂ! ለሚሞት ሰው ፊትህን ብታሳየው ምን ይጎድልብሃል?» ያለችው ባለቤቴ ናት። (ይህን ስትተይብ ዝም ብላለች።)

የለበስኩት ሹራብ ነው። የካህን ልብስም መስቀልም አልያዝኩም። ይህን የምጠቅሰው ለመከላከያ አይደለም፤ መከላከል አልፈልግም።

ሰውየው አፍንጫቸው ላይ የአየር ቱቦ ተደርጎላቸዋል። በጎን ያለው በሽተኛ የተኛ ለመምሰል ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር፤ ጆሮው ግን አልዞረም መሰለኝ፣ በኋላ ነርሷ አልጋውን ገፍታ ወሰደችው። ልጅቱ ወጣች። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ እውነቱን ነገርኳቸው።

«አባባ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም።»

ፈገግ አሉ። «አውቃለሁ አባ። በፊልሙም እንዲሁ ነው ያሉት» አሉኝ።

ከዚያ መናገር ጀመሩ። መነሣት እችል ነበር፤ አልተነሣሁም። ለምን እንዳልተነሣሁ መርማሪው ጠይቆኝ የሰጠሁት መልስ «ስለሚናገሩ» የሚል ነው፤ ከዚህ የተሻለ እስካሁን አላገኘሁም። ራሴንም አልነቀነቅሁም። ተናግረው ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁኝ። «እግዚአብሔር ይፍታህ» የሚለውን ቃል በቃሌ አውቀዋለሁ፤ በካሜራ ፊት ዳይሬክተሩ እስኪበቃው ድረስ ደጋግሜዋለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ከአፌ አልወጣም። «እግዚአብሔር ሰምቶዎታል» ብቻ አልኩ። ይህ በቅቷቸው ነው መሰለኝ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ልጅቱ ኮሪደሩ ላይ እጄን ስማ አሰናበተችኝ።

ሰውየው አልሞቱም። በማግስቱ ሾርባ ጠየቁ። በዚያው ሳምንት ትራሱ አልተመቸኝም ብለው ከነርሷ ጋር ተጣሉ። ልጅቱ «አባ፣ ጸሎትዎ ነው» ብላ ደወለችልኝ፤ አባ አለመሆኔን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

6. የነገሩኝን አልጽፍም። ይህን ያህል ብቻ እንድጽፍ ግን እሳቸው ራሳቸው ፈቅደውልኛል፤ እንዴት እንደፈቀዱ በቦታው እገልጻለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት እሳቸው ባጠፉት ጥፋት ሰው ተጎዳ። ጥፋቱ በሌላ ሰው ተላከከ፤ እሳቸውም ያ ሲሆን ቆመው አዩ፣ ዝም አሉ። ያ ሌላው ሰው ተከሰሰ፣ ሥራውን አጣ፣ ስሙን አጣ፣ በስሙ ፈንታ ቅጽል ወጣለት። ቅጽሉን ብጽፈው ክቡርነትዎ ሰውየውን ወዲያው ያውቁታል፤ የሰፈሩ ልጆች ከኋላው የሚጠሩት በእሱ ነውና።

ያን የተበደለውን ሰው አውቀዋለሁ። ምን ያህል እንደምንቀራረብ መጻፍ ማንነቱን መጻፍ ስለሚሆን እተወዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ሰላም እንባባላለን። ከሆስፒታሉ ከተመለስኩ በኋላ ግን ሰላምታው እንደ ድንጋይ ከበደኝ። እሱ «እንዴት አደርክ?» ሲለኝ፣ እኔ «ደኅና» ለማለት ጉሮሮዬን መጥረግ ጀመርኩ። ጉንፋን ይዞሃል ብሎ ሎሚ አመጣልኝ።

7. ባለቤቴ ነገሩን ገና ከበሩ ስገባ አወቀችብኝ። ምን እንደሰማሁ ጠየቀችኝ። አልናገርም አልኩ። «ለእኔም?» አለች። ለእሷም። በትዳር ዘመናችን ያልነገርኳት ነገር አልነበረም፤ የልደት ስጦታዋን እንኳ ከገዛሁበት ሱቅ እስከ ቤት ሳልደርስ ነው የምነግራት። በዚያ ሰሞን ወጥ ቤት ውስጥ ሣህን የሚያስቀምጡበት ድምፅ እንኳ ተለወጠ። ሴት ይዞ የመጣ ባል ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ቢያንስ የምትጣላው ሰው ይኖራት ነበር።

እውነተኛው አባ ከቀብሩ ሲመለሱ ሄድኩ። የቁምስናውን የብረት በር ቀለም ይቀቡ ነበር። የሆነውን ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ ብሩሹ ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ የነገሩህን ለእኔ እንዳትነግረኝ አሉ። እኔ የጠየቅኋቸው አንድ ነገር ነው፦ ቄስ ካልሆንኩ የሰማሁት ንስሐ አይደለም፤ ንስሐ ካልሆነ ምስጢር አይደለም፤ ታዲያ ሄጄ ለተበደለው ሰው ብነግረው ምን አለበት? የወደቀውን ብሩሽ አነሥተው ጠረጉት።

«ልጄ፣ እኔን የሚይዘኝ ሕግ አለ። ስፈራ ሕጉን ተደግፌ እቆማለሁ» አሉ። «አንተን ምንም አይይዝህም። ስለዚህ ካንተ የኔ ይቀላል።»

ምክር ፈልጌ ሄጄ፣ ቀለም የነካ እጅ ጨብጬ ተመለስኩ።

8. ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ሆድ ይፍጀው» ብዬ እቀመጥ ነበር። ክቡር ኃላፊ፣ እንዳልቀመጥ ያደረገኝ ቀጥሎ የምገልጸው ነው።

አንድ እሑድ ያ የተበደለው ሰው ቤቴ መጣ። የወንበሬን እግር ሊጠግንልኝ ነበር የመጣው። ወንበሩን ገልብጦ እየሠራ፣ ቀና ሳይል፣ ሰው ሁሉ የሆዱን እንደሚነግረኝ መስማቱን አጫወተኝ። ቄስ እንዳልሆንኩ አያጣውም፤ የሌባ ፊልሞቼን አብረን ነው ያየናቸው። ሆኖም «እኔም አንድ ነገር ልበልህ» አለ።

«ያ ነገር ሲሆን እኔ እንዳልነበርኩበት አውቅ ነበር። በፊት አውቅ ነበር። አሁን ግን ሰዉ ሁሉ አንተ ነህ፣ አንተ ነህ ሲለኝ ኖሮ፣ ማስታወስ አቃተኝ። አንዳንዴ እጄን አየውና፣ ሠርቼው ይሆናል እላለሁ። ሠርቼው ከሆነ ይቅር በለኝ።»

እኔ እውነቱን በሆዴ ይዤ፣ ያልሠራውን ጥፋት ሲናዘዝልኝ ሰማሁ። እጄ ወደ ኪሴ ገባ። በፊልሙ ውስጥ ዳይሬክተሩ እጅህን ክተት እያለ ይጮህብኝ ነበር፤ ያን ዕለት ግን የሚነግረኝ አላስፈለገም። «አንተ አልሠራኸውም» አልኩት። «እንዴት አወቅህ?» አለ። ቀና ብሎ አየኝና፣ የጓደኛ ማጽናኛ መስሎት ሣቅ አለ፤ ወንበሩን አቁሞ፣ ተቀምጦ ሞክሮት ሄደ። ወንበሩ አሁን አይነቃነቅም።

ሰውን ለማጽናናት የሚዋሽ ሞልቷል። እውነት ተነግሮት እንደ ደግ ውሸት የሚቀበል ሰው ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

9. ወደ የግል ተበዳይ፣ ማለትም ወደ ፀጉር ሠሪዋ አባት፣ እመለሳለሁ። ከሆስፒታል ወጥተው በከዘራ መሄድ ሲጀምሩ፣ ያናዘዟቸውን አባ ሊያመሰግኑ ወደ ቁምስናው ሄዱ። የወጡላቸው እውነተኛው አባ ናቸው። «ሌላኛው አባ የት አሉ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሌላ አባ የለም ተባሉ። ግራ እየገባቸው ሲመለሱ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ የአዲሱ ፊልሜ ማስታወቂያ ተለጥፏል። እኔ ነኝ፤ በአንድ እጄ የቁልፍ ዘለላ፣ በሌላው መዶሻ ይዤ፣ በባንክ መስኮት እገባለሁ። ከበላዬ በትልቁ «ሞጭላፋው ተመልሷል» ይላል።

ሰው የሆዱን ሁሉ የነገረው ለማን እንደሆነ በዚያ መንገድ ቢያውቅ ምን ይሰማዋል? አልፈረድኩባቸውም። ከዚያው በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ።

10. የአቤቱታቸው ቃል በመዝገቡ ላይ ስላለ አልደግመውም። ሁለት ነገር እንደጠየቁ ብቻ አስታውሳለሁ። አንደኛው፣ ቄስ ሳልሆን ቄስ መስዬ ስለቀረብኩ እንድቀጣ ነው። ሁለተኛው፣ የሰማሁት በንስሐ የተነገረ ስለሆነ እንዳልናገር ትእዛዝ እንዲሰጥብኝ ነው። እንግዲህ ስቀጣ ቄስ አይደለሁም፣ ዝም ስል ቄስ ነኝ። መርማሪው ይህን ሲጽፍ እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ አስቀምጧል።

እኔን ሲጠይቀኝ የተነጋገርነው እንዲህ ነው፦

«ምን ነገሩህ?»

«አልናገርም።»

«ቄስ ነህ እንዴ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«የነገሩት ለእኔ ነዋ።»

መርማሪው መልካም ሰው ነው። ሻይ አዘዘልኝና፣ እናቱ ፊልሙን አይታ ሦስት ቀን እንዳለቀሰች ነገረኝ። በሲኒማ ቤት ያ ካህን ለምትሞት እናት ሲዋሽ አዳራሹ መሐረብ አወጣ። እኔ በሆስፒታል ለሚሞት ሰው እውነቱን ብናገር፣ የሚያምነኝ አጥቼ የጣት አሻራ ሰጠሁ። ለዚህም አላጉረመርምም፤ እንዲያውም ጣቴ ቀለም ሲነከር ደስ ብሎኝ ነበር። ክስ ካለ ችሎት አለ፤ ችሎት ካለ ምስክር ይጠራል፤ ምስክር ከተጠራ ዳኛው «በማታለል ምን አናገረዎት?» ብሎ ይጠይቃል ብዬ አሰብኩ። እኔ ሳልናገር ነገሩ ከባለቤቱ አፍ ሊወጣ ነው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይህ ነው አልኩ።

11. ድግሱን ያበላሹብኝ እውነተኛው አባ ናቸው። የግል ተበዳይ በስተመጨረሻ ወደ እሳቸው ሄደው፣ እንደ ሥርዓቱ ተናዘዙ። እዚያ ውስጥ ምን እንደተባለ አላውቅም፤ አልጠየቅሁምም፤ ብጠይቅም የበሩ ቀለም እንዴት እንደደረቀ ነው የሚነግሩኝ። ሰውየው ሲወጡ ግን ለበደሏቸው ሁሉ ይቅርታ ማድረግ እንዳለባቸው አምነው ወጡ። የበደልኳቸውም እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ። ወዲያው ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥተው ክሱን አነሡ። እርስዎም «የግል ተበዳይ ይቅርታ ስላደረጉ መዝገቡ ተዘግቷል» የሚል ደብዳቤ ጻፉልኝ።

በሕይወቴ ብዙ ሰው ተቀይሞኛል፤ አንዱም እንደዚህ ይቅርታ አልጎዳኝም።

12. ደብዳቤውን ለመቀበል ሁለታችንም በአንድ ጠዋት ተጠራን። እኔና እሳቸው በኮሪደርዎ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሳቸው ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው፣ አገጫቸውን በላዩ አሳረፉ። ይቅር ማለታቸውን ነገሩኝ። አመሰገንኩ። በፊታችን ጽዳት ሠራተኛዋ እግራችሁን አንሡ ብላ ወለሉን ወልውላ አለፈች፤ ሁለታችንም እንደ ተማሪ እግራችንን አንሥተን ጠበቅናት።

እግራቸውን ሲያወርዱ ነው የተናገሩት። ወደዚያ ወደ በደሉት ሰው ቤት ደጋግመው ሄደዋል። አጥሩ ድረስ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ሰውየው ሲያስል ይሰማሉ፤ ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ በሩን አንኳኩተው፣ ሲከፈት «የማነው ቤት?» ብለው መንገድ እንደጠፋበት ሰው ተመልሰዋል።

«ራሴ ተነሥቼ አልችልም» አሉ። «እግሬ ይከዳኛል። ዳኛ አስምሎ ቢጠይቀኝ ግን እናገራለሁ። ከችሎት መመለሻ የለውም።»

ታዲያ ክሱን ለምን አነሡት አልኳቸው። ይቅር ማለት ግዴታቸው ስለሆነ፣ ደግሞም ስለፈሩ፤ የትኛው እንደሚበልጥ እሳቸውም አያውቁትም። መልሰው ይከፍቱት እንደሆነ ጠየቅሁ። አንዴ ይቅር ያለ ሰው ተመልሶ ልክሰስ ቢል ሰው ምን ይለዋል አሉኝ፤ ይህም እውነት ነው። እኔ ብጽፍስ አልኩ። «ጻፍ። ስሙንና ነገሩን ተው፤ እሱን የምለው እኔ ነኝ» አሉ። ከላይ በተራ ቁጥር 6 የጻፍኩትን ያህል እንድጽፍ የተፈቀደልኝ በዚህ መንገድ ነው።

ሊለዩኝ ሲሉ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ቢናገሩ ሰውየው ይቅር ይላቸው እንደሆነ። አላውቅም አልኳቸው። እውነተኛ ቄስ ብሆን ምናልባት የምላቸው አይጠፋም ነበር።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ) መዝገቡ ተከፍቶ፣ የሃይማኖት አገልጋይ መስዬ በመቅረብ የተመሠረተብኝ ክስ እንዲቀጥል፤

ለ) የግል ተበዳይ በመጥሪያ፣ ካስፈለገም በፖሊስ ተይዘው፣ በምስክርነት እንዲቀርቡና በመሐላ እንዲጠየቁ። በፖሊስ የሚለውን እሳቸው ናቸው እንድጨምር የጠየቁኝ፤

ሐ) ቀጠሮው አጭር እንዲሆን። የልብ ሐኪማቸው ለልጃቸው የነገራትን እሷ ለእኔ ነግራኛለች። ሰውየው አንድ ጊዜ ከሞት ተመልሰዋል፤ ሁለተኛ ይመለሳሉ ብሎ ቀጠሮ ማራዘም ልክ አይመስለኝም።

ሌላም አስቀድሜ ማሳወቅ ያለብኝ ነገር አለ። ዳኛው ጥፋተኛ ነህ ወይ ሲሉኝ «አይደለሁም» እላለሁ። ካመንኩ ምስክር ሳይሰማ ይፈረድብኛልና። በዚህ ማመልከቻ ግን ሁሉን አምኛለሁ። ይህን በማስረጃነት ማቅረብ መብትዎ ነው፤ እባክዎ ከምስክሩ በኋላ ያድርጉት። ከዚያ የሚሰጠኝን ቅጣት ያለ ይግባኝ እቀበላለሁ። ባለቤቴ እዚህ ላይ ስትደርስ መተየብ አቁማ ወጣች። ተመልሳ መጥታለች፤ እንደ ወትሮው ዝም አላለችም፣ ሻይ ይዛልኝ ነው የመጣችው። «ያ ሰው ማን እንደሆነ ገባኝ» አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ። እሷም ዝም ማለቴን አልጠላችውም።

በመጨረሻም ችሎቱ በግልጽ እንዲሆን፣ በአዳራሹም ከፊተኛው ረድፍ አንድ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ እንዲያዝልኝ እለምናለሁ። ያን ወንበሬን የጠገነልኝን ሰው የማመጣው እኔ ነኝ። ስለ ምስክሩ አልነግረውም። የምነግረው መከሰሴን ብቻ ነው። ይመጣል። ስለ እኔ ቄስነት ወይም ሌብነት ግድ ኖሮት አይደለም፤ እሱ በተከሰሰበት ቀን ከኋላው የተቀመጠለት አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ እኔን ብቻዬን አይተወኝም።

ክሴን ከሚጠባበቅ ሰው ሙሉ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የፊልም ተዋናይ፣
በክቡርነትዎ መልካም ፈቃድ ተከሳሽ